የእትዬ ሉባባ ኡድ

የእትዬ ሉባባን ዕረፍት የሰማሁት ሐሙሲት ላይ ነው። ለአንዲት ሙሽራ የጠለፍሁላትን ቀሚስ ጎንደር አድርሼ ወደ ባሕር ዳር ስመለስ፣ የተሳፈርሁበት መኪና ለቁርስ ቆሞ ነበር። ከአንዲት ሻይ ቤት ደጃፍ ተቀምጬ ገና አንድ ጊዜ ፉት እንዳልሁ ስልኬ ጠራ። ፎዚያ ነበረች፤ እትዬ ሉባባ እንደ ልጃቸው ያሳደጓት የወንድማቸው ልጅ። የት እንደደረስሁ ጠየቀችኝ። ሐሙሲት ስላት፣ «እንግዲያ ትደርሻለሽ» አለች። «ቀብሩ ከቀትር ሶላት በኋላ ነው።»

የማን ቀብር እንደሆነ አልጠየቅኋትም፤ ድምፅዋ ነግሮኛል። እትዬ ሉባባ ጎህ ሲቀድ ለሶላት ተነሥተው፣ ደረቴን ከበደኝ ብለው ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ። ፎዚያ ውኃ ይዛ ስትመለስ አልፈዋል። ይህን ሁሉ የነገረችኝ የሰው ጉዳይ እንደሚያወራ ሰው ረጋ ብላ ነው። መጨረሻው ላይ ግን ድምፅዋ ተሰበረ።

«ስንዱ፣ ሽቶውን የምታውቂው አንች ነሽ። ቶሎ ድረሺልኝ።»

ረዳቱ ተሳፋሪውን እየጠራ ነበር። ሻዬን እንዳለ ትቼ ገባሁ። እስከ ባሕር ዳር ድረስ በመስኮቱ በኩል ያየሁት ነገር ይኑር አይኑር አላስታውስም። የማስታውሰው እሳቸውን ብቻ ነው።

ባሕር ዳር ግሽ አባይ ሰፈር፣ ከአስፋልቱ ጎን ከተደረደሩት ሱቆች አንዱን ለሁለት ተከራይተን ዓመታት ኖረናል። ግማሹ የእኔ፣ ግማሹ የእሳቸው፤ በመካከላችን አንድ ስስ የቺፑድ ግድግዳ። እኔ በወዲህ በኩል የሐበሻ ቀሚስ እጠልፋለሁ። እሳቸው በወዲያ በኩል የዓረብ ሽቶ ይሸጣሉ፤ ከሁሉም አብልጠው ኡድ የሚባለውን የእንጨት ዘይት። ቺፑዱ ዓይን እንጂ ጆሮና አፍንጫ አይከልልም። እኔ ከደንበኛ ጋር ስከራከር እሳቸው ይሰማሉ፤ እሳቸው ጠርሙስ ሲከፍቱ እኔ አስነጥሳለሁ።

ረጅምና ቀጭን ሴት ነበሩ። ጥቁር ልብስ ይወዳሉ። በግራ እጃቸው ሰፋ ያለ የወንድ ሰዓት ያስራሉ፤ የጣቶቻቸው ጫፍ በሂና የቀላ ነው። እንደሌሎቹ ነጋዴዎች መንገደኛ አይጠሩም። ዱካቸው ላይ ተቀምጠው አላፊ አግዳሚውን ያያሉ፤ ሰው ሲገባ መጀመሪያ የሚሉት «አረፍ በይ» ነው። ሽቶ ሊገዛ የገባ ሰው ግን ማረፍ አይፈልግም፤ ይቸኩላል። እሳቸው ደግሞ በሽቶ የሚቸኩል ሰው አይሆንላቸውም።

ጎረቤት በሆንን ሰሞን አንድ ቀን ጠሩኝና፣ በቀጭን የመስታወት ዘንግ የእጄን አንጓ ነካ አደረጉት። ሌላ ሽቶ እንደምናደርገው ሁለቱን አንጓዬን ላፋትግ ስል እጄን ያዙኝ።

«አታሺው። ከታሸ ይሰበራል።»

አሸተትሁትና ፊቴን አዞርሁ። የበረት ሽታ አለው። የቁስል መድኃኒት አለው። ጭስም አለው። ይህን ሰው ገንዘብ ከፍሎ የሚቀባው ለምንድን ነው ብዬ ገረመኝ፤ ከፊቴም አነበቡት። ሲስቁ ድምፅ አያወጡም፤ ትከሻቸው ብቻ ነው የሚነቃነቀው።

«ሂጂ ሥራሽን ሥሪ። ኡድ ሲገባ በር ይደበድባል፤ ይህ አመሉ ነው። ከዚያ ይቀመጣል። ከወደድሽው ደግሞ ያድራል» አሉኝ።

ተመልሼ ሥራዬን ያዝሁ፤ ረሳሁትም። ምሳ ካለፈ በኋላ ክር በጥርሴ ልበጥስ እጄን ወደ አፌ ሳስጠጋ አንድ ሽታ መጣ። ሞቅ ያለ፣ ጽጌረዳ የነካካው፣ ከጽጌረዳው ሥር ደግሞ የደረቀ እንጨት ያለው። ማን ገባ ብዬ ወደ በሩ ዞርሁ። ማንም የለም። ከራሴ እጅ ነው። በቺፑዱ ማዶ እትዬ ሉባባ፣ «ተቀመጠ?» አሉ። እንዴት እንዳወቁ ዛሬም አላውቅም።

ለገበያተኛዋም እንዲሁ ነበሩ። አንጓዋን ይነኩና፣ «እስከ ሐይቁ ሂደሽ ነይ» ይሏታል። የሚስቁ ነበሩ፤ የሚቆጡም። ብዙዎቹ ወጥተው ይቀራሉ። ፎዚያ እንዲህ እየተሸጠ ሱቅ አይቆምም ብላ ትጨቃጨቃለች። የተመለሰ ሰው ግን ሌላ ቦታ አይገዛም ነበር።

የእኛ ወዳጅነት የጀመረው ግን በጠብ ነው። አንዲት የኮሌጅ አስተማሪ ለልጇ ክርስትና የምትለብሰውን ቀሚስ እኔ ዘንድ አሠርታ ልትወስድ መጣች። ቀሚሱ ቺፑዱ ላይ ተሰቅሎ የከረመ ነው። ገና ከፍታ ስትለካው ፊቷ ተቀያየረ።

«ይህ የምን ሽታ ነው? እኔ እኮ ቤተ ክርስቲያን ነው የምለብሰው» አለችኝ።

ክርስትናው በማግስቱ ነው። ማጠብ አይቻልም፤ ጥልፉ ቀለም ይለቃል። ማታ መጥታ እንድትወስደው ለምኜ ሸኘኋትና ንዴቴን ይዤ ወደ እትዬ ሉባባ ዞርሁ። እንጀራዬን ሊዘጉብኝ እንደሆነ፣ ከዛሬ በኋላ ወይ እሳቸው ወይ እኔ ከዚህ ቤት እንደምንወጣ፣ ብዙ ተናገርሁ። እሳቸው ሱቃቸውን ዘጉ፣ ቀሚሱን ከእጄ ተቀበሉ፣ «ያንችንም ዝጊውና ነይ» አሉኝ።

ወደ ሐይቁ ዳር ሄድን። ከሰዓት በኋላ ጣና ንፋሱን ወደ ከተማው ይልካል። ከዋርካው ሥር ቆመን፣ ቀሚሱን እሳቸው በትከሻው፣ እኔ በጫፉ ያዝነውና ንፋሱ እንዲገባበት ለቀቅነው። እንደ ሸራ ተነፋ። የሚያልፈው ሰው ሁሉ እያየን ይሄዳል። ደንገል የጫነ ታንኳ የሚቀዝፍ አንድ ሰውዬ ሙሽራዋ የት ሄደች ብሎ ጮኸብን። እትዬ ሉባባ ትከሻቸው ተነቃነቀ። እኔ ግን አኩርፌአለሁ።

ክንዳችን ሲዝል እናርፋለን፣ እንደገና እንነሣለን። በዚህ መሃል ነው ታሪካቸውን ያወጉኝ። በልጅነታቸው ጅዳ ሄደው፣ ባሏ ሽቶ ነጋዴ የነበረ አንዲት አሮጊት መበለት ቤት አገልግለዋል። ሴትየዋ ልጆች አሏት፤ ግን የሚጠይቃት የለም። ከባሏ የተረፋት የኡድ ሣጥን ብቻ ነው። በየጧቱ የሉባባን አንጓ ኡድ ትነካለች። ሉባባ ቤት ስትጠርግ፣ ስታጥብ፣ ስታበስል ትውላለች፤ ማታ ሲሆን አሮጊቷ እጅሽን አምጪ ትላትና፣ አንጓውን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ዓይኗን ትጨፍናለች።

«የጧቱ የሱቅ ነው፤ የማታው ያንች ነው ትለኝ ነበር» አሉኝ። «በሰው አገር ያንች ነው ያለኝ ሰው እሷ ብቻ ናት።»

አሮጊቷ ስትሞት ወደ አገራቸው ተመለሱ። ሴትየዋ ያስተማረቻቸው ነገር ሽቶ መሸጥ ሳይሆን መጠበቅ እንደነበር ሲነግሩኝ፣ ቀሚሱን ሰብስበው አሸተቱትና ለእኔ አቀበሉኝ። የበረቱ ነገር ሄዷል። ጭሱም ሄዷል። የቀረው ረጋ ያለ፣ ከሩቅ የሚመጣ የሚመስል ጣፋጭ ሽታ ነው። አስተማሪዋ ማታ መጥታ ቀሚሱን አፍንጫዋ ላይ አደረገች፤ አየችኝ፤ አጣጥፋ ወሰደችው። ከሳምንት በኋላ ተመልሳ የመጣችው በእኔ በር አልነበረም፤ በእትዬ ሉባባ በር ነው።

ከዚያ በኋላ ምሳችንን አብረን ነበር የምንበላው። እኔ ጾም ስይዝ እሳቸው ዓሣውን ትተው ሽሮ ይሠራሉ፤ እሳቸው ሲጾሙ እኔ ምሳ ዕቃዬን ፊታቸው አልከፍትም። ይህን ተነጋግረንበት አናውቅም።

ኮሮና በገባ በሁለተኛው ዓመት ታመሙ። ሱቃቸው ተዘግቶ ከረመ። ዳኑ ተብሎ ሲመለሱ አንገታቸው ቀጥኗል፣ ሰዓቱ ከአንጓቸው ላይ እየተንሸራተተ ክርናቸው ድረስ ይወጣል። ደስ ብሎኝ ስለነበር መጀመሪያ ምንም አላስተዋልሁም። በኋላ ግን ነገር መግጠም አቃተው። አንድ ቀን በቺፑዱ ማዶ ወተት አርሮ ጭሱ እኔ ድረስ ሲመጣ፣ እሳቸው ምድጃው አጠገብ ተቀምጠው መንገዱን ያያሉ። ሌላ ቀን የቆየ ደንበኛቸው የሆነ ሰው የተሰጠው ጠርሙስ የሱ አለመሆኑን ሊናገር ተመልሶ መጣ። ጠርሙሶቻቸው ላይ ጽሑፍ የለም። ጽሑፍ ለምኔ፣ አፍንጫዬ ያነበዋል ይሉ ነበር። ሰውየውን ይቅርታ ጠይቀው ሌላ ሰጡት። እሱ ሲወጣ ጠርሙስ በጠርሙስ ሲከፍቱ ሰማሁ። ከዚያ በቺፑዱ በኩል፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠሩኝ።

ስገባ ጠርሙሶቹን ሁሉ ፊታቸው ደርድረዋል፤ ሁሉም ክፍት ናቸው። ሱቁ ውስጥ መተንፈስ ያስቸግር ነበር።

«ስንዱ» አሉኝ፣ «ምንም አይሸተኝም።»

የሐኪም ቤቱ ሰው፣ ይህ ብዙ ሰው ላይ እንደደረሰ፣ ሊመለስም ላይመለስም እንደሚችል ነግሯቸዋል። ፎዚያ ሱቁ ይዘጋ አለች፤ ሰው ሳያውቅ በክብር ይዘጋ። እኔ ደግሞ ማን ያውቃል፣ እንደበፊቱ ይቀጥሉ፣ ጠርሙሶቹ ላይ እንጻፍባቸው አልሁ። ሁለታችንንም አልሰሙንም። ከዚያን ቀን ጀምሮ የገባውን ሰው ሁሉ አረፍ በይ ካሉ በኋላ የሚናገሩት ይኸው ሆነ፤ እኔ አይሸተኝም፤ የምታሸትላችሁ ስንዱ ናት፤ ካላመናችኋት አትግዙ። ደንግጠው የወጡ አሉ። ቆይተው ያልተመለሱ አሉ። አንድ ሽማግሌ ግን እጃቸውን ለእኔ ዘረጉና፣ «ይሁን፣ ሉባባ ካመነችሽ» አሉኝ።

እኔ ክርና መርፌ እንጂ ሌላ እንደማላውቅ ብዙ ተከራከርሁ። ዋጋ አልነበረውም። በየጧቱ፣ ሥራ ሳልጀምር፣ አንጓዬን ይነካሉ። ከዚያ በየመካከሉ በቺፑዱ ማዶ ይጠይቁኛል።

«አሁንስ?»

መጀመሪያ ላይ ጥሩ ነው፣ መጥፎ ነው ከማለት በቀር ቃል አልነበረኝም። እሱን አልቀበል አሉ። ጥሩና መጥፎ አትበይኝ፣ የት እንደወሰደሽ ንገሪኝ አሉኝ። ስለዚህ መንገር ጀመርሁ። ጧት፣ ዝናብ የነካው አዲስ የቁርበት ጀንዲ ነው እላለሁ፤ ገና ያልለፋ፣ ከብቱ ያልለቀቀው። ረፋዱ ላይ፣ አሁን ጀንዲው ደርቋል፤ አንድ ሰው በሩቅ ዋንዛ እየፈለጠ ነው። ቀትር ላይ ጽጌረዳው ገባ። እሳቸው ዱካቸው ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ስሳሳት ያውቁታል። «አይደለም፤ ከጽጌረዳው በፊት ሌላ ነገር አለ። ዘለልሽው። መለስ በይ» ይሉኛል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ አሁንስ ሲሉኝ አንጓዬን አስጠጋሁ። መልሴ ሲዘገይባቸው ተነሥተው ወደ እኔ በኩል መጡ። እንባዬ እየወረደ ነበር። የሸተተኝ የአባቴ ማኅደር ነው። አባቴ ዘጌ መሪጌታ ነበሩ፤ መጽሐፋቸውን የሚይዙበት የቆዳ ማኅደር ከራስጌያቸው ይሰቀል ነበር። ልጅ ሆኜ ፊቴን እዚያ ውስጥ አግብቼ አሸተው ነበር፤ ቆዳ፣ ብራና፣ የእሳቸው እጅ። አባቴ ካረፉ ብዙ ጊዜ ሆኗቸዋል። መልካቸው እንኳ እየደበዘዘብኝ ነበር።

ይህን ስነግራቸው ስለ ኡዱ አልጠየቁኝም። አጠገቤ ተቀመጡና ስለ አባቴ ጠየቁኝ። ምን ዓይነት ሰው እንደነበሩ፣ ሲቆጡ እንዴት እንደሚሆኑ፣ ዜማ ሲያስተምሩ ድምፃቸው ምን ይመስል እንደነበር። ሱቁ እስኪዘጋ አወራን። ሊነሡ ሲሉ እጄን ያዙና፣ «እድሜዬን ሙሉ ሲሸተኝ ቃል አልነበረኝም» አሉኝ። «ይኸው ሳይሸተኝ ቃሉን አገኘሁት።»

ከዚያ የከፋ መጣ። በስንት ወሩ አፍንጫቸው ነቃ፤ ሲነቃ ግን ተጣሞ ነቃ። ሽንኩርት የሞተ አይጥ ሆነባቸው። ሳሙና የተቃጠለ ነገር ሸተታቸው። ኡዱማ አይነሣ፤ ጠርሙስ ሲከፈት እየተሯሯጡ ወጥተው ደጅ ያስመልሳቸዋል። ምንም አይሸተኝም ባሉ ጊዜ አላለቀሱም ነበር። ያን ጊዜ ግን አለቀሱ። ባይመለስ ይሻለኝ ነበር፣ የማውቀውን ነገር እንዲህ አድርጎ ከሚመልስልኝ አሉ።

ሱቅ ውስጥ መግባት ተዉ። ዱካቸውን አውጥተው ደጅ፣ ከበረንዳው ጥግ ይቀመጣሉ፤ እኔ ጥልፌን ትቼ በመካከል ሰው ሲመጣ አስተናግዳለሁ። ሰው ከደጅ ያገኛቸውና ሰላም ይላቸዋል። እንዲህ ሆነው ከርመዋል። ፎዚያ ወደ ሐኪምም ወደ ዱአም ወሰደቻቸው። ማታ ማታ እኔ ሐይቁ ዳር ይዣቸው እሄዳለሁ፤ ከሽታ ሁሉ የማይጠሉት ንፋስ ብቻ ነበር። አንድ ቀን እዚያ ተቀምጠን ሳለ አፍንጫቸውን ቀና አደረጉ። ጭቃ፣ አሉ። ትንሽ ቆዩና ዓሣ፣ አሉ። ልክ ነበሩ። ታንኳ ገብቶ ቀረሶ ዓሣ እየተራገፈ ነበር። እንደ ሕፃን እጃቸውን አጨበጨቡ።

ኡዱን ግን አላነሣሁባቸውም። እሳቸውም አላነሡም።

በክረምት መጨረሻ ነው። አንድ ጧት ዝናብ ስለነበር በረንዳው አላስቀምጥ አላቸውና በእኔ በኩል ገብተው ተቀመጡ። ካፊያው አብርዷቸው ስለነበር ከመስቀያው ላይ የሰቀልሁትን የትናንት ሹራቤን አውርጄ ትከሻቸው ላይ ጣል አደረግሁላቸው። ወደ ሥራዬ ተመለስሁ። ሁለት ቅጠል ያህል እንደጠለፍሁ ቀና አልሁ። የሹራቡን እጅጌ በሁለት መዳፋቸው ይዘው አፍንጫቸው ላይ አድርገዋል። ዓይናቸው ተከድኗል። ያማቸው መስሎኝ ዘልዬ ልነጥቃቸው ስል በእጃቸው ከለከሉኝ።

«ቆይ» አሉኝ። «ያደረው መጣልኝ።»

በዚያ እጅጌ ላይ የነበረው የትናንቱ ኡድ ነው። ጀንዲው አልፎ፣ ጽጌረዳው አልፎ፣ ማኅደሩም አልፎ፣ ሲነጋ ልብስ ላይ የሚቀረው። ከእንቅልፉ የተነሣ ልጅ አናት የመሰለ፣ ኡድ መሆኑ እንኳ የሚያጠራጥር። ለእሳቸው ግን ሳይጣመም የደረሰላቸው እሱ ነው። ሌላው ሰው ከበሩ ይጀምርና ወደ ጓዳው ይሄዳል፤ እሳቸው ከጓዳው ጀመሩ።

ከዚያ ወዲህ በየጧቱ የትናንቱን ሹራብ አመጣላቸው ነበር። እያደር ወደ ኋላ መሄድ ጀመሩ። የእንጨቱ ሽታ ተስተካከለላቸው። ከብዙ ወር በኋላ ማኅደሩ ጋ ደረሱ፤ ያን ቀን፣ «አባትሽን አገኘኋቸው» አሉኝና ሁለታችንም ሳቅን። ጽጌረዳው አንዳንድ ቀን ይመጣል፣ አንዳንድ ቀን ይቀራል። መጀመሪያው ግን፣ በር የሚደበድበው፣ አልተመለሰም። እስከ መጨረሻው ጠርሙስ የምከፍተው እኔ ነበርሁ፤ እሳቸው ወጥተው ይቆያሉ። አይቆጫቸውም ነበር። ሰው ሲጠይቃቸው ጩኸቱን ለስንዱ ትቼዋለሁ ይላሉ። ሱቁ አልተዘጋም። እንዲያውም ዱካቸው ወደ ውስጥ ተመለሰ፤ ፎዚያም መጨቃጨቋን ተወች።

ባሕር ዳር ስደርስ ከመናኸሪያው በባጃጅ በቀጥታ ወደ ቤታቸው ሄድሁ። ግቢው በሴቶች ተሞልቷል። ወንዶቹ ከደጅ፣ ከመንገዱ ዳር ድንኳን ሥር ተቀምጠዋል። ፎዚያ ከውስጥ ወጥታ አቀፈችኝ፤ ከዚያ ወዲያው እጄን ይዛ ወደ ግድግዳው ጥግ ወሰደችኝ። አጣቢዎቹ ሥራቸውን ጨርሰዋል፤ ከፈኑ ተዘርግቷል። ከሱቁ ያመጣችውን የሽቶ ሣጥን እግሬ ሥር አስቀመጠችው። ጽሑፍ የሌላቸው ጠርሙሶች ናቸው፤ ሁሉም እዚያው ናቸው።

«የቱን እናድርግላቸው? ቶሎ በይ፣ ወንዶቹ እየጠበቁ ነው» አለችኝ።

መጠበቅ አይቻልም ነበር። እሳቸው ዘንድ ሽቶ በመጀመሪያው ሽታ ተመርጦ አያውቅም። ሐይቅ ድረስ ሂጂና ነይ የሚባልበት ጊዜ የለም፤ ምሳ እስኪያልፍ የሚባልበት ጊዜ የለም። ክዳኖቹን እየከፈትሁ አሸተትሁ። አንዱ ገና ሲከፈት ለስላሳ ነው፤ ማንም ቢያሸተው ይወደዋል። እሱን መልሼ ከደንሁት። ከታች የነበረውን፣ ዘይቱ የጠቆረውን አወጣሁ። ስከፍተው ፎዚያ ራሷን ወደ ኋላ መለሰች። ከሁሉ የከፋ በር የሚደበድበው እሱ ነው። ከሁሉ የሚያምረውም እሱ ነው፤ ለቆየ ሰው። ጠርሙሱን እጇ ላይ አኖርሁት። ጥቂት አየችኝ፣ ከዚያ ይዛው ገባች።

ብዙ አልቆየም፣ ሽታው በበሩ ወጣ። ጀንዲ፣ ጭስ፣ መድኃኒት። ግቢው ውስጥ ንግግር ቆመ። አጠገቤ የተቀመጡ የማላውቃቸው አንዲት ባልቴት የሻሻቸውን ጫፍ አፍንጫቸው ላይ አደረጉና ምን ቀብተዋቸው ነው ብለው ጠየቁኝ። ኡድ ነው፣ ትንሽ ቆይቶ ይለወጣል አልኋቸው።

ሳይለወጥ ጀናዛው ወጣ። ወንዶቹ ተቀባብለው ተሸከሙት፤ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የአላህን ስም እያነሡ በመንገዱ ወረዱ። እኛ ሴቶቹ ከበሩ ቀረን። ሽታው ግቢው ውስጥ ትንሽ ቆይቶ ተከተላቸው።

ሰዎቹ ከቀብር እስኪመለሱ ፎዚያ መጥታ አጠገቤ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። ቀኑን ሙሉ የቆመች ናት፤ ራሷን ትከሻዬ ላይ ጣለችው። ሰው ይገባል፣ ሰው ይወጣል፣ ውኃ ይቀርባል። የዛፉ ጥላ ከእግራችን ላይ ሲያልፍ ቀና ሳትል ጠየቀችኝ።

«ስንዱ፣ አሁን ምን ላይ ደርሷል?»

ወደ መቃብሩ አቅጣጫ አየሁ። ሰዓቱን በልቤ አሰላሁ።

«አሁን ጣፍጧል» አልኋት።